የፑራ ጉላላ ረጅም ኀዘን

ማም ቃዲር ከሞተ ዓመት በሞላው ቀን ሚስቱ ፑራ ጉላላ ጥቁር ቀሚሷን አወለቀች፤ በሳሙና አሸችው፤ ጣሪያ ላይ አስጥታ አደረቀችው፤ ከዚያም መልሳ ለበሰችው።

የካኒ ሄንጂር መንደር ሰው መጀመሪያ በአድናቆት አፉን ያዘ። "ፍቅር ማለት ይሄ ነው!" ያሉ ነበሩ። እንዲህ ያሉት ግን የሁለቱን ትዳር ከሩቅ የሚያውቁት ናቸው። ማም ቃዲር በሕይወት ሳለ ከሚስቱ ጋር የሚያወራው ሻዩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነበር፤ ወሬውም "ቀዝቅዟል" የምትል አንዲት ቃል ናት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደግ ነው ብሎ የሚምልለትም አልነበረም፤ እንዲያው ነበረ፣ ከዚያ ደግሞ አልነበረም። ለእንዲህ ያለ ባል አንድ ዓመት ጥቁር መልበስ ራሱ ምርቃት ነው።

ነገሩ ፈጥኖ የከነከነው አጥር የሚጋራትን ጎረቤቷን፣ ካካ፣ ወንድም ጋሼ፣ የሚባለውን ዞራብን ነው። ዞራብ ለልጁ ለሬቢን ሚስት ካጨ ሰንብቷል። የሙሽራይቱ ወገኖች ከማዶ መንደር ሆነው "ልጃችንን ትወስዷታላችሁ ወይስ እዚሁ እናስረጃት?" እያሉ መልእክት ይሰዳሉ። እሱ ግን ለጉርብትና ወግ ሲል ዓመቱ እስኪሞላ ጥርሱን ነክሶ ጠብቋል። በካኒ ሄንጂር ጎረቤት ኀዘን ተቀምጦ ዙርና የሚሉት የሠርግ መለከት አይነፋም፤ ከበሮም አይመታም። ሠርግ ያለበት ሰው ባለ ቀለም ጨርቅ አስይዞ ሰው ይልካል፤ ኀዘንተኞቹ ጨርቁን ተቀብለው ጥቁሩን ያወልቃሉ፤ "ደስታችሁ ደስታችን ነው" ይላሉ፤ አንዳንዴም እንባቸውን ጠርገው ይመጡና አንድ ዙር ይጨፍራሉ። እምቢ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እምቢ ማለት እንደሚቻል እንኳ ያሰበ አልነበረም፣ ፑራ ጉላላ እስክታስበው ድረስ።

እሷ ደግሞ ያሰበችው ዛሬ አይደለም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ስታብላላው ኖራለች።

ያኔ ጉላላ ገና ኮረዳ ነበረች። የአጎቷ ልጅ ሠርግ ነው። ወንድና ሴት ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይጨፍራሉ። ሰልፉን የሚመሩት አጎቷ ደከማቸውና በቀኝ እጃቸው የሚያውለበልቡትን ቀይ መሐረብ ለእሷ ሰጧት። መሐረቡ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። የያዘው ሰው ራስ ነው፤ ሰልፉ የሚሄደው እሱ በሄደበት ነው፤ ዙርናው የሚፈጥነውም የሚዘገየውም የሱን እግር እያየ ነው። መሐረብ በገዛ እጅ ይሰጣል እንጂ አይጠየቅም፤ የገዛ አባት እንኳ "በቃሽ፣ አምጪ" አይልም። ጉላላም ተቀብላ የእናቷን የተራራ አገር እርምጃ ጀመረች፤ ሁለት ወደፊት፣ ከዚያ መሃል ላይ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቆም፣ ጉልበት ሰበር፣ ከዚያ እንደገና ሄድ። ሰማይ የሷ ነበር።

ዞራብ ያን ሰሞን ከከተማ መመለሱ ነው። ፀጉሩ በቅባት አብረቅርቋል፤ ጫማው ከዙርናው በላይ ይጮኻል። ከሰልፉ ራስ ፊት ለፊት ገብቶ መሐረቡን ከእጇ ላጥ አደረገና አፉን ሞልቶ፣

"ዶሮ መንገድ ትመራለች እንዴ? ጥሬ ባየች ቁጥር ትቆማለች እኮ!" አለ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዙርና ነፊው ስቆ ስቆ ዙርናው እንደ ዳክዬ ጮኸ። ከዚያ ዞራብ ዘለለ፤ ሰዉ ተከተለው፤ ጉላላን አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ እየገፋ፣ ዜማው ሲያልቅ ራሷን የሰልፉ ጭራ ላይ አገኘችው። ያን ቦታ የሚይዘውን "ላም ጠባቂ" ይሉታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ በፊቷ ጉላላ፣ ከጀርባዋ ዶሮዋ ሆነ። ስታልፍ ልጆች "ቅቅቅቅ" ይሏታል። ሽማግሌ ሲላክ "የቷ ጉላላ?" ይባላል፤ "ዶሮዋ ናታ!" ነው መልሱ። ኋላ እድሜ መጥቶ "ፑራ"፣ አክስቴ፣ የሚላት በዛ፤ ዶሮዋ ግን አብራ አረጀች። በገዛ ሠርጓ ቀን አልጨፈረችም። ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጣ ዋለች። ሰው "ጨዋነቷ!" አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ ዞራብ ነገሩን በነጋታው ረስቶታል። ይባስ ብሎ በየማለዳው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ዶሮዋ! እንዴት አደርሽ?" ይላታል፤ የፍቅር መጠሪያ መስሎት። እሷም "ደህና አደርኩ፣ ካካ ዞራብ" ትላለች፤ አንጀቷ ግን ያችን ጧት ለብቻ መዝግቦ ያስቀምጣታል።

መተዳደሪያዋ የሙሽሮች ብርድ ልብስ መስፋት ነው። ጥጡን ትነድፋለች፤ በሐር ጨርቅ መሃል ትዘረጋለች፤ ከላይ አበባና ወፍ እያወጣች ትጠቅማለች። በአካባቢው ከሷ ብርድ ልብስ ሥር ያልተፀነሰ ልጅ የለም ቢባል ከጥቂት ልጆች በቀር ማጋነን አይሆንም። ለየሠርጉ ብርድ ልብሱን ትልካለች እንጂ ለጭፈራው አትወጣም። ዙርናው ከሩቅ ሲሰማ ግን፣ ጭኗ ላይ በዘረጋችው ብርድ ልብስ ሥር የእግሯ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ፤ ሁለት ወደፊት፣ ቆም፣ ሰበር። መርፌዋ ከላይ ወፍ ትሠራለች፤ እግሯ ከታች ይጨፍራል። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ሆና አንዲትም እርምጃ አልጠፋባትም።

የምትፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። መሐረቡን የወሰደው እጅ መልሶ እንዲሰጣት፣ ሲወስድባት ባየው ሕዝብ ፊት። እግሯ ሳይከዳት።

ዞራብ በበኩሉ በነዚህ ዓመታት ትልቅ ሰው ሆኗል። ከዚህ እስከ ድንበሩ ድረስ እንደሱ ሰልፍ የሚመራ የለም። ሲዘል ከአየር ላይ እስኪወርድ ሻይ ይፈላል ይባላል። ወገቡ ላይ የሚጠመጥመው መቀነት ቢፈታ ከቤቱ እስከ ምንጩ ይደርሳል፤ ጢሙን ከሠርግ በፊት የሚያሾለው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ለጉልበቱ መጠንቀቅ አለበት። "ሙሽራ ቢቀር ሠርጉ ይሆናል፤ ዞራብ ከቀረ ግን ምሳ ብቻ ነው" ይላሉ። እንግዲህ ይህ ሰው የመጀመሪያ ልጁን በገዛ ግቢው ሊድር ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች።

መጀመሪያ የመጣችው ሚስቱ አመነ ናት። አረንጓዴ ሐር ይዛ።

"ፑራ ጉላላ፣ እንግዲህ ይብቃሽ፤ ሟች በሠላም ይረፍ። ይቺን ለብሰሽ ደስታችንን ባርኪልን።"

"አይ አመንዬ! እንዴት ያለ ጨርቅ ነው ያመጣሽልኝ!" ፑራ ጉላላ ጨርቁን ዳበሰችው፤ አጠፈችው፤ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። "ግን ቃዲርዬ ትናንት የሞተ ይመስለኛል።"

"ዓመት አለፈው እኮ!"

"ለሱ አለፈው። ለኔ ገና ነው።"

ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሰማያዊ ጨርቅ ይዘው፣ መላ የሚሏቸውን የመስጊዱን ሼህ ከፊት አስቀድመው። መላው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ሕጉ ለባል የሚያዝዘው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። አንቺ ዓመት ከመንፈቅ ልትደፍኚ ነው።"

"እውነትዎን ነው፣ መላ። እሱ ግዴታው ነው። እኔ ደግሞ በፈቃዴ ትንሽ ልጨምርበት። በፈቃዱ ያለቀሰን ሰው የሚከለክል ሕግ አለ?"

መላው ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳር አልነበረበትም፤ ግን አማሰሉት። "እሱን… ማየት አለብኝ" አሉ። እስከ ዛሬ እያዩት ነው።

ከዚያ ቢጫ ጨርቅ መጣ፣ ከዚያ ባለ አበባ፣ ከዚያ ባለ ወርቀ ዘቦ። ፑራ ጉላላ ሁሉንም እያመሰገነች ሳጥኗ ውስጥ ከተተች፤ በከተማው ካሉት ሱቆች ግማሾቹ የሷን ያህል ጨርቅ አልነበራቸውም። የማም ቃዲር ኀዘን ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር ከድንበር ማዶ አንድ የአክስቷ ባል ሞቱ። በሕይወታቸው አይታቸው አታውቅም፤ ነገር ግን "ሳላያቸው መሞታቸው ነው ያንገበገበኝ!" ብላ ደረቷን መታች። እሳቸው ደግሞ ሊረሱ ሲሉ ሙክቷ ሞተ። ለሙክት ኀዘን መቀመጥ በአገሩ አልተለመደም፤ ግን ሰው ከቤቷ በር ላይ ቆሞ "አንቺ፣ ሙክት እኮ ነው!" ለማለት አልደፈረም፤ እንዲያውም ሁለት ሴቶች ዳቦ ይዘው ለለቅሶ ደርሰዋል።

"አዳራሽ እንከራይ" አለች አመነ። "ከተማ ውስጥ ስንት አዳራሽ አለ።"

ዞራብ ከተቀመጠበት ተነሳ። "እኔ ዞራብ! በፕላስቲክ አበባ ሥር! ምንጣፍ ላይ! አቧራ የማይነሳበት ጭፈራ ጭፈራ ነው? ልጄን ከምድር ቤት ውስጥ እንደ ድንች ልዳረው?" ተቀመጠ። ጉልበቱ ግን ብቻውን ይዘል ነበር። ከጨፈረ ዓመት አልፎታልና እግሩ ሌሊት ሚስቱን ይራገጥ ጀምሯል።

በመጨረሻ ሙሽራው ራሱ መጣ። ሬቢን ረጋ ያለ፣ አባቱን የማይመስል ልጅ ነው። ባዶ እጁን ነበር የመጣው።

"ፑራ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?"

ፑራ ጉላላ መርፌዋን አቆመች። የሱን የሠርግ ብርድ ልብስ ነበር የምትሰፋው፤ ቂም ለብቻ፣ ሥራ ለብቻ ነው። ልቧ ትንሽ ራራ፤ ወዲያው ግን ያዘችው።

"አንተ ምንም አላጠፋህ፣ ልጄ። አባትህን ጠይቀው።"

"ምን ብዬ ልጠይቀው?"

"‘ከፑራ ጉላላ ምን ወሰድክ?’ በለው። ይመልስልኝ፤ ጥቁሬን አወልቃለሁ።"

ካካ ዞራብ ጥያቄው ሲደርሰው ሕሊናውን መፈተሽ ያዘ። ሕሊናው ደግሞ ለብዙ ዘመን ያልተጠረገ ጓዳ ነበር። በማግስቱ ፑራ ጉላላ በሯን ስትከፍት አንድ አካፋ ቆሟል፤ የማም ቃዲር ነው፤ መጥፋቱንም አታውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን መሰላል መጣ። ቀጥሎ ወንፊት፣ ቀጥሎ ግማሽ የመስኖ ቱቦ፣ ቀጥሎ የአንድ እግር ጫማ። እያንዳንዱን እያየች "ይሄንንም ወስዶ ኖሯል!" ትላለች፤ ቂሟ እየቀለለላት ሳይሆን እየተጨመረባት ሄደ። ሌላ የሚመልሰው ሲያጣ ዞራብ ጭንቅላቱን አከከ። "ውሻዬ ምናልባት የሆነ ጊዜ በልቶባት ይሆናል" አለና፣ እግሯን አስሮ አንዲት የሰባች ዶሮ ላከላት።

ፑራ ጉላላ በሯ ላይ የተቀመጠችውን ዶሮ አየች። ዶሮዋም አየቻት። መንደሩ በሙሉ ከየመስኮቱ ሁለቱንም አየ። አንድ ሁለት ሰው ትራሱን ነክሶ ሳቀ።

በዚያው ቀን ዶሮዋ ታርዳ ተበላች። ላባዋ ደግሞ በትልቅ ሳህን ተሞልቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ለካካ ዞራብ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰ። ዞራብ ዶልማ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ መስሎት እጁን ታጥቦ ከፈተው።

"ይቺ ሴት አብዳለች!" አለ ላባውን ከጢሙ እየለቀመ።

አመነ ግን ሳህኑን ስታይ ቆይታ ግንባሯን መታች። እሷም ያን ቀን ሰልፉ ውስጥ ነበረች። "አንተ ሰውዬ! መሐረቡ ነው!"

"የቱ መሐረብ?"

"በአጎቷ ልጅ ሠርግ ከእጇ የቀማሃት! ‘ዶሮ መንገድ ትመራለች እንዴ’ ያልካት!"

"እሱማ ቀልድ ነበር።"

"ለማን?"

ዞራብ አፉን ከፍቶ ቀረ። አየር ላይ ስትንሳፈፍ የነበረች አንዲት ላባ ግን አልቆመችም፤ አፉ ውስጥ ገባች።

አመሻሹ ላይ አጥሩ ጋ መጣ። የወትሮውን ሰላምታ ሊል ጀመረና "ዶ…" ላይ ዋጠው።

"ጉላላ እህቴ፣ ደህና ዋልሽ?"

"ደህና ዋልኩ፣ ካካ ዞራብ። ዶሮዋ ትጣፍጥ ነበር።"

"ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይኸው ይቅርታ ብያለሁ።"

"ማን ሰማ?"

"አንቺ ሰማሽ። አላህ ሰማ።"

"በሕዝብ ፊት ወስደህ በአጥር ቀዳዳ ትመልሳለህ? አላህማ ያኔም ሰምቶሃል፤ እኔ የምፈልገው ያኔ የሳቁትን ነው።"

ዞራብ አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። "ምን ላድርግ ነው የምትዪው?"

"በልጅህ ሠርግ ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ መሐረቡን በገዛ እጅህ ትሰጠኛለህ። ከዚያ ወደ ጭራው ትሄድና ትቆማለህ። እስክጨርስ ሰልፉን አትለቅም።"

"በልጄ ሠርግ! እኔ! ላም ጠባቂ!"

"ላሞቹን ደህና አድርገህ ጠብቅ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪበቃኝ።"

ለሦስት ቀን ዞራብ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን አመነ ወደ አጥሩ መጥታ "እሺ ብሏል" አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደግሞ "አደራሽን፣ ቶሎ እንዳይበቃሽ" ብላ ሄደች።

ሠርጉ ዓርብ ሆነ። ካኒ ሄንጂር ውስጥ መሄድ የሚችል ሁሉ መጣ፤ መሄድ የማይችል በጋሪ መጣ። ከሌላ መንደር ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ደረሰ፤ ወሬው ከግብዣው ቀድሞ ሄዷልና። ሙሽራይቱን ዞር ብሎ ያየ የለም። ሁሉም የሚያየው የፑራ ጉላላን በር ነው።

በሩ ተከፈተ። ከተቀበለቻቸው ጨርቆች ሁሉ አሰፍታ ነበር፤ አረንጓዴው ከታች፣ ሰማያዊው ከላይ፣ ቢጫው ክንዷ ላይ፣ ወርቀ ዘቦው ደረቷ ላይ። ከበሮ መቺው ዱላውን ጣለ። ከዓመት በላይ በጥቁር ያዩዋት ሰዎች ዓይናቸውን ጋረዱ። አንዲት አሮጊት "ኀዘኑ ነው እንዲህ ያሰማመራት?" ብላ ጠየቀች።

ካካ ዞራብ በሰልፉ ራስ ቆሟል። ቀይ መሐረብ በእጁ ነው። ፊቱ እንደ ተቀቀለ ቀይ ሥር ሆኗል። ዙርናው ፀጥ አለ።

"ጉላላ እህቴ" አለ፤ ድምፁ አልወጣም።

"ከኋላ ያሉት አልሰሙም!" አለች እሷ።

"ጉላላ እህቴ!" ብሎ ጮኸ። "ይሄ መሐረብ ያንቺ ነበር! ይኸው!"

ተቀበለችው። ዞራብም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በዚያ ረጅም መቀነቱ፣ አንገቱን ደፍቶ ሰልፉን በሙሉ አልፎ ሄደና ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ቆመ። "እንኳን ደህና መጣህ፣ ካካ" አለው ባለ ወፍጮው። "ላሞቹ ያው እኛ ነን።"

ፑራ ጉላላ መሐረቡን አነሳች። ሁለት ወደፊት። ቆም። ጉልበት ሰበር።

ዙርና ነፊው ኡስታ ሚርዛ ዓይኑን እግሯ ላይ ተክሎ ተከተላት። ወጣቶቹ ግን ይህን እርምጃ አያውቁትም፤ የዞራብን ዝላይ ብቻ ነው የለመዱት። "ቆም" ላይ አንዱ በአንዱ ላይ እየተላተመ፣ ሰልፉ ኬላ ላይ ፍሬን እንደያዙ መኪኖች ተጋጨ። ሁለተኛው ዙር ላይ ተሻለ። በሦስተኛው ከበሮው ያቺን ቆምታ አገኛትና በዝምታ መታት። አዎ፣ በዝምታ፤ ዱላው ተነስቶ አይወርድም፣ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ጉልበት ሁሉ በአንድ ላይ ይሰበራል። ሽማግሌዎቹ "አሄይ! የድሮው ነው!" እያሉ ከወንበራቸው እየተነሱ ገቡ። መላው እንኳ ከተቀመጡበት በአንድ እግራቸው ገቡ ማለት ይቻላል። ቁጭ ያለ ሰው ሲጠፋ ሰልፉ ግቢውን ሞላ፤ ግድግዳውን ታኮ ታጠፈ፤ እየታጠፈ ዞረና ራሱ ከጭራው ጋር ሊገናኝ ምንም ያህል አልቀረውም። ያኔ ነው ፑራ ጉላላ ካካ ዞራብን ከአጠገቧ ያገኘችው።

ዞራብ እየተሠቃየ ነበር። ጉልበቱ ዓመት ሙሉ የተከማቸ ዝላይ አለበት። ለመዝለል በተነሳ ቁጥር "ቆም" ትመጣና አየር ላይ ትይዘዋለች፤ ሲወርድ ሌላው ሁሉ ሄዷል። ባለ ወፍጮው እንደ ጆንያ እየጎተተው ነው።

ፑራ ጉላላ መሐረቡን አውለበለበች። የመሐረቡ ጫፍ የዞራብን ጢም ጠፍ አደረገው። ከዜማው ሳይወጣ፣ ልክ በጊዜው።

"ኧረ! ምን እየሠራሽ ነው?"

"እየመራሁ።"

ሁለት ወደፊት፣ ቆም፣ ጠፍ!

"ፊቴ ነው እኮ!"

"መንገዴ ላይ ስላገኘሁት ነው።"

ሁለት ወደፊት፣ ቆም፣ ጠፍ! ሾሎ የነበረው የጢሙ ጫፍ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበታተነ። ማንም "ይሄ ጭፈራ አይደለም" ሊል አልቻለም፤ ይበልጥ ያማረ ጭፈራ በካኒ ሄንጂር ታይቶ አያውቅምና። አመነ ከሰልፉ መሃል ሆና እልልታውን አቀለጠችው።

"ምሳ ደርሷል!" ብለው ከወጥ ቤት ጮኹ። ፑራ ጉላላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሩዙ ቀዘቀዘ። ሥጋው ቀዘቀዘ። ራስ ሳትል ሰልፍ አይፈታምና ሁለት ሴቶች በየአፉ እያጎረሱ ሰልፉን ዞሩ። ጥላው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተሻገረ። የኡስታ ሚርዛ ጉንጭ ተነፍቶ ዓይኑን ሸፈነው። ሙሽራውና ሙሽራይቱ በዚያ ቀን እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣም ብዙ ስለቆዩ፣ ከዚያ ወዲያ የሚነጋገሩት ነገር ያጡበት ጊዜ የለም ይባላል።

ጠፍ! በዚህኛው የዞራብ ጥምጥም ተፈትቶ ዓይኑ ላይ ወረደ። ሕዝቡ ሳቀ።

ያን ሳቅ ዞራብ አልቻለውም። በሕይወቱ ሲያስቅ እንጂ ሲሳቅበት አያውቅም። ነፃ የነበረች ግራ እጁን ሰደደና የመሐረቡን ጫፍ ጨመደደ።

ሰልፉ ቆመ። ዙርናው ቆመ። ቃሉን የሰጠው ሰው፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ያደረገውን፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ደገመው።

ፑራ ጉላላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ዞራብ ጎተተ። እሷም አጥብቃ ያዘች። ዞራብ ባለ ወፍጮውን ለቅቆ በሁለት እጁ፣ በሙሉ ክብደቱ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ ጎተተ።

ለቀቀችው።

ካካ ዞራብ በሕይወቱ ረጅሙን ዝላይ ያኔ ዘለለ። ወደ ኋላ። ከኋላው ለእንግዶች የተበጠበጠ ቀዝቃዛ አጓት የሞላ በርሜል ነበር፤ እስከ ብብቱ ገባበት። አጓቱ ተነስቶ አጠገቡ ባሉት እንግዶች ላይ ዘነበ። ዞራብ ከበርሜሉ ውስጥ ቀይ መሐረቡን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ቀረ።

"ካካ ዞራብ!" አለ ባለ ወፍጮው። "መሐረቡ አንተ ጋ ነው! ምራን እንጂ!"

ፑራ ጉላላ አልሳቀችም። ባዶ እጇን ወደ ላይ አነሳችና ለኡስታ ሚርዛ አንገቷን ነቀነቀች። ሁለት ወደፊት። ቆም። ሰበር። ሰልፉ በሙሉ ባዶዋን እጅ ተከትሎ ሄደ። በርሜሉን ዞረውት አለፉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ዞሩት። ሲበቃት ጊዜ ምሽት ሆኖ ነበር፤ ከሰልፉ ወጣች፣ የሙሽሮቹን ግንባር ሳመች፣ ቤቷ ገባች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ማለዳ ግን ከእንቅልፏ ነቅታ ግራ ገባት። ከአጥሩ ማዶ "እንዴት አደርሽ" የሚል የለም፤ ዞራብ ወደ መስጊድም ወደ ምንጩም የሚሄደው በሌላ መንገድ ሆኗል፤ ጢሙ እስኪያገግም ሠርግ አይመራም ተብሏል። ለሃያ ምናምን ዓመት ከሻይ በፊት የምትጠጣው ቂም አልነበረም። ብርድ ልብሷን ዘረጋች፤ መርፌዋን ያዘች፤ አስቀመጠችው። የአክስቷን ባል ለማሰብ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ማም ቃዲርን አሰበች። "ቀዝቅዟል" አለች ሻይዋን እያየች፣ ሳትወድ ፈገግ ብላ። ቤቱ ሰፋባት።

በዚህ ዓይነት ክረምቱ አለፈ። በጸደይ መጀመሪያ በሯ ተንኳኳ። ከታችኛው ሰፈር የሚኖር ንብ አርቢ ነው፤ በእጁ ባለ አበባ ጨርቅ ይዟል።

"ፑራ፣ ልጄን ልድራት ነው።"

"እንኳን ደስ ያለህ። ታዲያ ለኔ ጨርቅ ምን አመጣው? ኀዘን ላይ አይደለሁም፤ ቤታችንም አይጎራበትም።"

"አዎ፣ አይደለሽም። እንዲያው…" ሰውየው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ተዛወረ። "ሰዉ ሁሉ ‘ቀን ከመቁረጥህ በፊት እሷ ጋ ሂድ’ ስላለኝ ነው። ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ፣ በልጅነቴም ቢሆን፣ ከወዲሁ ንገሪኝና ልገላገል ብዬ ነው።"

ፑራ ጉላላ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ፊቷ ላይ ለወራት ያልታየ ብርሃን ወጣ። ጨርቁን ተቀብላ ዳበሰችው፤ አጠፈችው።

"ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ" አለች ሻዩን እየጣደች። "እስቲ ላስብበት።"